ሻወር ቤት ስታድሱ ከቀለሙ በፊት መገጣጠሚያውን አስቡ

ደንበኞቼ ስለ ሻወር ቤት ግድግዳ ሲያማክሩኝ ብዙ ጊዜ ከቀለም ይጀምራሉ። እኔ ግን ወደ መገጣጠሚያው እመልሳቸዋለሁ። በሴራሚኮቹ መካከል የሚሞላው ተራ የሲሚንቶ ግራውት ውሃና የሳሙና ቅሪት ይመጥጣል፤ ሻጋታም መጀመሪያ የሚያጠቁረው እሱን ነው። ትናንሽ ሞዛይክ የለበሰ ግድግዳ ሲያዩት ያምራል፤ መስመሩ ስለሚበዛ ግን ፍተጋው አያልቅም።

ስለዚህ ምርጫዬ 60 በ120 ሴንቲ ሜትር ፖርሴሊን ነው። መስመሩ ጥቂት ነው፤ ውሃ የመምጠጥ መጠኑም ከ0.5 በመቶ አይበልጥም። በጀት ካጠረ ለግድግዳ የሚያብረቀርቅ ተራ ሴራሚክ ይበቃል፤ የተረፈውን ገንዘብ ኤፖክሲ ግራውት ላይ አውሉት። ዋጋው ይወደዳል፣ ቶሎ ስለሚጠነክርም የለመደ እጅ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ውሃ አይጠጣም፣ በቀላሉም ይጸዳል።

እምነበረድ ለሻወር አልመክርም። ካልሲየም የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ግድግዳ ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ቅርፊቱን የሚያስለቅቁት ኮምጣጤና ሌሎች አሲድ ያለባቸው ማጽጃዎች ደግሞ እምነበረዱን ራሱን ይበሉታል። ጥቁር ቀለምም ይህንኑ ቅርፊት አጉልቶ ያሳያል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሴራሚክና ግራውት ብቻቸውን ውሃ አያግዱም። ከስራቸው ግድግዳውና ወለሉ ውሃ የማያሳልፍ ቅብ መቀባት አለባቸው። ወለሉ ሳይነጠፍ በፊት የፍሳሽ ቀዳዳውን አስደፍናችሁ ውሃ ሙሉበትና 24 ሰዓት አቆዩት። ውሃው ከጎደለ ወይም ከታች እርጥበት ከታየ ሥራውን አትረከቡ።