በፍየል ቆዳ ላይ የተሣለው መልክዓ ምድር ጥበቃ ይሻል

ሠዓሊ ለማ ጉያ የኢትዮጵያን መልክዓ ምድር፣ የገጠሩን ሕይወትና የታላላቅ ሰዎችን ምስል በፍየል ቆዳ ላይ በመሣል የታወቁ አንጋፋ ባለሙያ ነበሩ። በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ በምትገኘው የሐይቆች ከተማ ቢሾፍቱ የኖሩት ሠዓሊው፤ በኢትዮጵያ አየር ኃይልም አገልግለዋል። ወንድሞቻቸው ቱሉ ጉያና አሰፋ ጉያም በሥዕል ሙያ ይታወቃሉ።

ቆዳን ለሥዕል ማዋል በአገሪቱ እንግዳ አይደለም። የብራና መጻሕፍት ለበርካታ ምዕተ ዓመታት ከፍየልና ከበግ ቆዳ ሲዘጋጁ ኖረዋል። ሠዓሊው ይህንኑ በአካባቢው በቀላሉ የሚገኝ ቁስ ለዘመናዊ ሥዕል አውለውታል።

ይሁንና ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፤ ሲደርቅም ይኮማተራል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር በላዩ ያረፈው ቀለም ሊሰነጠቅና ሊረግፍ ይችላል። ነፍሳትም ቆዳውን ይጎዱታል። ስለሆነም የሥዕሎቹ ማቆያ ክፍል ሙቀትና እርጥበት እንዳይዋዥቅ መከታተል፣ ሥዕሎቹን ከቀጥታ የፀሐይ ብርሃን መከለልና በየጊዜው መፈተሽ ያስፈልጋል።

ሠዓሊው በ2013 ዓ.ም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በቢሾፍቱ ባቋቋሙት የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ያኖሯቸው ሥራዎች ለተተኪው ትውልድ የሚተላለፉት ከዝናቸው ይልቅ በዚህ የዘወትር ጥንቃቄ ነው።