ሞተሩ ያጓራል፣ ውሃ ግን የለም፤ አየር የሚስብ የውሃ ሞተር እንዴት ይመረመራል?



በካርቱም ከተማ በአል-ሳሃፋ ሰፈር የኖረ ስደተኛ የውሃ ሞተርን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቃል። በአንድ ሆሽ ውስጥ ክፍል ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ ሞተር፣ አንድ የጣሪያ ታንከርና አንድ የመብራት ቆጣሪ ይጋሩ ነበር። ቀን የቧንቧው ውሃ ጉልበት ስለሚያጣ ሌሊት ተነሥቶ ሞተሩን የሚያስነሣ ተረኛ ይመደባል። ታዲያ ሞተሩ እያጓራ ታንከሩ ውስጥ ጠብታ ሳይገባ ያደረ እንደሆነ፣ ጠዋት የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ይባላል። ሰባክ ይጠራል፣ ገንዘብ ይዋጣል።

ይህ ፍርድ ብዙውን ጊዜ የተቻኮለ ነው። የተቃጠለ ሞተር ወይ ጨርሶ አይነሣም፣ ወይ የተቃጠለ ሽቦ ይሸታል። እየዞረ ውሃ የማይሰጥ ሞተር ግን በአብዛኛው አየር እየሳበ ነው። ጉዳዩን ዛሬ ያነሣንበት ምክንያትም አለን። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲጀመር ትልቁ የባሕሪ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሥራ አቆመ፤ ብዙ ሰው ቤቱንና ሞተሩን ትቶ ወጣ። ከመጋቢት 2017 ዓ.ም. በኋላ ወደ ከተማዋ የተመለሱ ሰዎች፣ ሞተራቸው ከዝርፊያ ተርፎ ያገኙት እንኳ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በሙቀት የደረቀ ጎማና የተሰነጣጠቀ ፕላስቲክ ነው የጠበቃቸው።

በመጀመሪያ የሞተሩን አሠራር እንመልከት። ሞተር ውሃ ይስባል እንላለን እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። ሞተሩ በመግቢያው በኩል ያለውን ግፊት ዝቅ ያደርጋል፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በላያችን የተጫነው የአየር ክብደት ነው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ የውሃ መሳቢያ ከ18 ክንድ በላይ ውሃ ማንሣት እንደማይችል ጽፎ ነበር፤ ምክንያቱ የአየር ክብደት መሆኑን በ1644 የገለጸው ቶሪቸሊ ነው። ስለዚህ ሞተሩ የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው በባሕር ወለል ደረጃ ከ10 ሜትር ብዙም የማይበልጥ ጥልቀት ነው የሚስበው። በካርቱም ከዚያ ትንሽ ያንሳል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ 8 ሜትር አይሞላም። በተግባር 6 ወይም 7 ሜትር ከሳበ በቂ ነው። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይህም ይቀንሳል።

በሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚዞረው ክንፍ ውሃውን የሚወረውረው ክብደት ስላለው ነው። አየር ቀላል ስለሆነ ክንፉ ይዞ ሊወረውረው አይችልም። በመሳቢያው ቧንቧ ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ ካለች አየር ከውሃ ይልቅ በቀላሉ ሾልኮ ይገባል፤ ክንፉም በባዶው ይዞራል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ውሃ ከሞተሩ ወጥቶ ወደ ታንከር በሚሄድበት ቧንቧ ላይ ቀዳዳ ካለ ውሃው ወደ ውጭ ይረጫል፤ ሁሉም ያየዋል። ወደ ሞተሩ በሚገባበት ቧንቧ ላይ ያለ ቀዳዳ ግን ሞተሩ እየሠራ አንድ ጠብታ እንኳ አያንጠባጥብም፤ ወደ ውስጥ ነውና የሚተነፍሰው። ስለዚህ «የትም አያፈስም» የሚለው መልስ ስለ መሳቢያው በኩል ምንም አያስረዳም።

ከመመርመራችን በፊት ግን ውሃ መኖሩን እናረጋግጥ። ሞተሩን አጥፍታችሁ ከሞተሩ በፊት ያለውን ቧንቧ ክፈቱ። በራሱ ምንም ካልመጣ የሰፈሩ መስመር ደርቋል ማለት ነውና ሞተሩን አታስነሡ። ውሃው ተቋርጦ ሲመለስ ለጥቂት ደቂቃ ፍስስ እያለ አየር መትፋቱም ብልሽት አይደለም፤ በመስመሩ የታሰረ አየር ነው። ትፋቱ ካላባራ፣ ውሃው እንደ ወተት ከነጣ፣ ሞተሩ ውስጥ ጠጠር የሚንኳኳ ከመሰለ፣ ወይም ሞተሩ በየጊዜው ውሃ እየተሞላበት ካልሆነ የማይሠራ ከሆነ ያን ጊዜ ቀዳዳውን እንፈልጋለን።

ለዚህ ሥራ የልብስ ሳሙና ይበቃል። አረፋው እንደ እርጎ እስኪወፍር ምቱትና ሞተሩ እየሠራ ከቧንቧው አፍ እስከ ሞተሩ ድረስ በየመጋጠሚያው በስፖንጅ ቀቡት። አረፋው ወደ ውስጥ የተሳበበት ወይም ተሰርጉዶ የጠፋበት ቦታ ቀዳዳው ነው። በመጋጠሚያው ላይ ብቻ ጥቂት ውሃ ማንጠብጠብም ይቻላል፤ ውሃው ቀዳዳዋን ለጊዜው ስለሚደፍናት የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ይለወጣል። የቡና ዕጣን ጭስ ይዘው የሚፈልጉ አሉ፤ ነፋስ በሌለበት ቤት ይረዳ ይሆናል፣ በክፍት ሆሽ ውስጥ ግን አንመክረውም።

አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። የሱዳን መብራት 230 ቮልት ነው፤ እርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግር የቆመ ሰው ሊሞትበት ይችላል። ደረቅ ጫማ አድርጉ። ሽቦው፣ ሶኬቱና የሞተሩ አካል ላይ አረፋም ውሃም አይድረስ። ሽቦው የተላጠ ከሆነ ፍለጋው ይቅር። ማንኛውንም ቡሎን ከመፍታት በፊትም ሶኬቱ ይነቀል።

ቀዳዳው በብዛት የሚገኝባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ቀዳሚው ውሃ የምንሞላበት የሞተሩ ቡሎን ነው፤ በየጊዜው ስለሚፈታ ጎማው ቶሎ ያልቃል። ቀጥሎ የቧንቧው ጥርስ ነው። ቴፍሎን ሲጠመጠም ጥርሱ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ መሆን አለበት፤ በተቃራኒው የተጠመጠመ ሲጠብቅ ተገፍቶ ይወጣል። ከጉድጓድ ወይም ከመሬት ታንክ የሚስብ ከሆነ በቧንቧው ጫፍ ያለው ውሃ መላሽ ቫልቭ አሸዋ ወይም ደለል ይዞት ይሆናል፤ ይህ አየር ባያስገባም ሞተሩ ሲጠፋ ውሃውን መልሶ ያፈሳል፣ በማግሥቱም ሞተሩ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ሞተሩ ያለ ውሃ ደጋግሞ የዞረ ከሆነ ደግሞ በዘንጉ ላይ ያለው ማሸጊያ ተቃጥሎ ይሆናል፤ ይህ የሰባክ ሥራ ነው።

በሀብታም ግቢ በዘበኝነትና በአትክልተኝነት የሠሩ ወገኖች የመዋኛ ገንዳ ሞተርም ያጋጥማቸዋል። ሕጉ ያው ነው። በዚያ ላይ መጀመሪያ የሚታየው የቆሻሻ ማጥለያው ክዳን ነው፤ የጎማ ቀለበቱ ከደረቀ ወይም ቅጠል ከያዘ አየር ያስገባል። የገንዳው ውሃ ከመሳቢያው አፍ በታች ወርዶ እንደሆነም ይታይ።

የከመነዳሪ ጎማ ቆራርጦ መጠምጠም የተለመደ ነው። ተለጥጦ በጥብቅ ከታሰረ ለጥቂት ቀን ያገለግላል፤ ከዚያ በላይ አትመኑት። በተለይም ሞተሩ ከሰፈሩ መስመር በቀጥታ የሚስብ ከሆነ ነገሩ የሞተር ብቻ አይደለም። ሞተሩ ደካማውን መስመር በኃይል ሲስብ በመሬት ውስጥ ባለው ቧንቧ ላይ ያለው ቀዳዳ ሁሉ ወደ ውስጥ መሳብ ይጀምራል። ያ ቀዳዳ በመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብ ወይም በተኛ ፍሳሽ ውስጥ ካለፈ የሚገባው አየር ብቻ አይሆንም። የሱዳን ጤና ሚኒስቴር በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የኮሌራ ወረርሽኝ መነሣቱን አስታወቀ፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የኃይል ማመንጫዎች በድሮን ከተመቱና ውሃው ከተቋረጠ በኋላ በካርቱም በሽታው በብርቱ ተስፋፋ።

ስለዚህ የሆሹ ነዋሪዎች ከባለቤቱ ጋር ተነጋግረው፣ የመንገዱ ውሃ በራሱ ጉልበት ወርዶ የሚሞላበት የመሬት ታንክ ቢያስቀምጡ ይሻላል እንላለን፤ ሞተሩ ከዚያ ታንክ ብቻ ይሳብ። የወጪውን ድርሻና ሲለቁ ማን እንደሚወስደው አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። በርሚልም ቢሆን ክዳን ካለው ለጊዜው ይሆናል። የመግቢያው ቧንቧ አፍ ግን በታንኩ ውሃ ውስጥ አይጠልቅ፤ ከውሃው በላይ አንድ ጋት ያህል ይራቅ፣ አለዚያ መስመሩ ሲደርቅ የታንኩን ውሃ መልሶ ይወስደዋል። ታንኩ እስኪገኝ ድረስ ለመጠጥ የሚሆነው ውሃ ተንተክትኮ ይፍላ፣ በንጹሕ ክዳን ባለው ዚር ይቀመጥ፣ ጣሳም እጅም አይግባበት።