ድንጉላ ሲመረጥ ከመልኩ በፊት እግሩ ይታይ

በደምበጫና በአካባቢው ፈረስ የሚያገለግለው ለአንድ ሥራ ብቻ አይደለም። በገበያ ቀን ባለቤቱን ተሸክሞ አቀበት ይወጣል፤ ሙሽራ ያጅባል፤ በበዓል ለጉግስ ይሰለፋል፤ ጋሪም ይጎትታል። ይሁን እንጂ እርባታው በአብዛኛው ለአጋጣሚ የተተወ ነው። ባዝራዎች በወል ግጦሽ ላይ በተገኘው ድንጉላ ይጠቃሉ። መልካሙ ወጣት ፈረስ ዘር ሳይተካ ይኮላሻል ወይም ይሸጣል። በዚህም ምክንያት ገዥ ያጣው ደካማ ፈረስ የቀበሌው አባት ሆኖ ይቀራል።

ፈረስን በማኅበር መንከባከብ ለጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም። በአጎራባቹ አዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ያከብራል።

ብዙ ሰው ፈረስ ሲመርጥ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዳማ ነው ወይስ ቦራ፣ ጉራቻ ነው ወይስ አምባላይ እያለ ነው። ጠጉር ግን ሸክም አይሸከምም። ለዘር የሚቀረው ድንጉላ ከፊትና ከኋላ ሲታይ እግሮቹ ቀጥ ያሉ፣ ከጉልበት በታች ያለው አጥንት አጠር ብሎ የጠነከረ፣ ሰኮናው ያልተሰነጠቀ ሊሆን ይገባል። ደረቱ ሰፊ፣ ጀርባው አጭርና ያልሰረጎደ፣ ትከሻው ወደ ኋላ ያዘመመ ቢሆን እርምጃው ይረዝማል፤ ኮርቻም ይረጋበታል። በጠፍጣፋ መሬት ላይ በሶምሶማ ሲነዳ የሚያነክስ ወይም እግሩን ከእግሩ የሚያጋጭ ለዘር አይሁን። ተናካሽና ተራጋጭ የሆነም እንዲሁ፤ ጠባይም ይወረሳልና።

ባዝራ የምታረግዘው 11 ወር ያህል ነው። በጥቅምት ከተጠቃች ሣር በሞላበት በመስከረም ትወልዳለች። ውርንጭላው 4 ዓመት ሳይሞላው ለከባድ ጭነትና ለግልቢያ ሊጣደፉበት አይገባም። ከክረምት ማብቂያ ጀምሮ ጥቃቅን ትንኞች የሚያስተላልፉት የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ብዙ ፈረስ ስለሚፈጅ፣ ቢሾፍቱ የሚመረተውን ክትባት አስቀድሞ ማስከተብ ያስፈልጋል።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ድንጉላ መያዝ አስቸጋሪ ነው፤ ይጣላል፣ ገመድ ይበጥሳል፣ ለብቻው ይታሰራል። ባለቤቱ ኮላሽቶ ቢሸጠው ወዲያው ገንዘብ ያገኛል። ለሁሉም የሚጠቅም ዘር እንዲቆይ አንድ ገበሬ ብቻውን ለምን ይጎዳል? ስለሆነም መፍትሔው በጋራ መመካከር ነው። የማኅበር መሪዎች ሽማግሌዎችንና የእንስሳት ጤና ባለሙያን ይዘው ወጣት ፈረሶችን በአንድ ቀን ቢያስመረምሩ፣ የተመረጠው እንዳይኮላሽ፣ የቀሩት እንዲኮላሹ ቢያስማሙ፣ ባዝራ የሚያስጠቁትም ለባለድንጉላው ገብስ ወይም ድርቆሽ ቢያዋጡ ሸክሙ ይከፋፈላል። ድንጉላው የገዛ ልጆቹን እንዳያጠቃም በየ3 ዓመቱ ከጎረቤት ቀበሌ ጋር መለዋወጥ ይበጃል።

ዛሬ የሚኮላሸው መልካም ፈረስ ነገ በገበያ ቢፈለግ አይገኝም። ምርጫው መደረግ ያለበት ገዥው ከመምጣቱ በፊት ነው።