ስለ ግንበኛ አቀጣጠር በአምቦና በአካባቢዋ

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው አምቦ በማዕድን ውኃዋ ብቻ ሳይሆን በድንጋይዋም ትታወቃለች፤ ከአካባቢዋ የሚወጣው የአሸዋ ድንጋይ እየተጠረበ ለሕንፃ ማልበሻ እስከ አዲስ አበባ ይጫናል። ይሁን እንጂ በእርሷም ሆነ በጉደርና በጊንጪ የብዙው ቤት ግድግዳ እንጨትና ጭቃ ስለሆነ፣ ግንበኛ ይበልጡን የሚፈለገው ለመሠረትና ለአጥር ነው።

ባለቤቱ ግንበኛን የሚመርጠው ቀድሞ የሠራውን አይቶ፣ ጎረቤት ጠይቆ ነው። ቅጥሩም በቀን ሒሳብ ወይም በቁርጥ ይሆናል። በቁርጥ ሲሆን ድንጋዩን፣ አሸዋውንና ሲሚንቶውን ባለቤቱ ያቀርባል፤ ግንበኛው የእጅ ዋጋውን ይቈርጣል፣ ቀብድ ይቀበላል፣ ቀሪው ሥራው እየታየ ይከፈለዋል። የቀን ሒሳብ ሥራን ያዘገያል፤ ቁርጥ ያጣድፋል። የሚያሠጋውም ይኸው ጥድፊያ ነው። ግድግዳ በቱንቢና በውኃ ልክ ይመረመራል፤ አፈር የለበሰ መሠረት ግን አይታይም። በተለይ በጊንጪ ዙሪያ ያለው ጥቁር መረሬ በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ፣ ድንጋዩ እርስ በርሱ ሳይያያዝ የተደረደረ መሠረት ቤቱን ይዞ ይነቃነቃል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለቤት ጉድጓዱ ሳይደፈን ሌላ ግንበኛ ጠርቶ ያሳያል፤ የመጀመሪያው እንደ ስድብ ቢቈጥረውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ስለ ጥንካሬው ኀላፊ እንዲሆን ያዛል። በቃልና በምስክር የተቀጠረውን ግንበኛ ግን ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ባለቤቱም የሚተማመነው አንድ ክረምት እስኪያልፍ ከክፍያው ላይ ባስቀረው ገንዘብ ነው።