ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መድኃኒት

ሆሳዕና ውስጥ ስለ አውሮፕላን ጉዞ የሚመክር ሰው አይጠፋም። ልጁን፣ ወንድሙን ወይም ጎረቤቱን ወደ ደቡብ አፍሪካ ያልሸኘ ቤት ጥቂት ነው። ቦሌ በስንት ሰዓት መድረስ እንደሚያስፈልግ፣ ሻንጣ እንዴት እንደሚታሰር፣ የትኛው ስንቅ እንደሚያልፍ ከተማው አሳምሮ ያውቃል። በፋርማሲው መስኮት የምሰማው ምክር አብዛኛው ከዚያው መስመር የተቀዳ ነው። ግን ጆሃንስበርግ ከእኛ ወደ ኋላ የምትቀረው በ1 ሰዓት ብቻ ነው። እዚያ የሚሄድ ሰው ክኒኑን በለመደው ሰዓት ቢውጥ ምንም አይሆንም። ጓንዡ 5 ሰዓት፣ ባንኮክ 4 ሰዓት፣ ዴልሂ ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድሙናል። ዕቃ ሊያመጣ ቻይና፣ ሊታከም ሕንድ ወይም ታይላንድ ለመሄድ ተነስቶ ወደ እኔ የሚመጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ጎልማሳ ነው። ስለዚህ "መንገድ ልሄድ ነውና የሁለት ወር ይሰጠኝ" ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው ወዴት እንደሆነ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ኢንሱሊን ነው። ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት የሚወጋ ነጋዴ በምሽት 4 ሰዓት ከቦሌ ወደ ጓንዡ ተነሳ እንበል። በረራው አሥር ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የማታውን ሳይነሳ ተወግቷል። የጠዋቱ ሰዓት የሚደርሰው ገና አየር ላይ እያለ ነው፤ ያኔ ጓንዡ እኩለ ቀን ሆኗል። አየር ላይ ከተወጋ በኋላ እዚያ ወርዶ የከተማዋን ምሽት 1 ሰዓት ጠብቆ እንደገና ቢወጋ፣ በሁለቱ መርፌዎች መካከል ያለው 12 ሰዓት ሳይሆን 7 ሰዓት ብቻ ነው። የቀደመው መድኃኒት ሥራውን ሳይጨርስ ሌላው ይደርብበታል፤ ስኳሩም ይወርዳል። በዚያ ቀን መጠኑ ምን ያህል መቀነስ እንዳለበት የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የእኔ ሥራ ሰውየው ትኬቱን ይዞ ሐኪሙ ዘንድ ሳይቀርብ እንዳይሄድ ማድረግ ነው። አንዳንዶች "ጋሼ እከሌ ሲመላለስ ስንት ዓመቱ፣ ማንም ይህን ነግሮት አያውቅም" ይሉኛል። ጋሼ እከሌ የሚመላለሰው ኬፕታውን ነው።

የሰዓት አቆጣጠራችን ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ያ ነጋዴ ጓንዡ ሲያርፍ ስልኩ ራሱን አስተካክሎ 1:00 ይላል። የመድኃኒት ማዘዣው ላይም "1 ሰዓት" ተብሎ ተጽፏል። ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሰው ሁለቱን ቢያገናኝ አይፈረድበትም። ለዚህ ነው ለተጓዥ ቁጥሩን ብቻ የማልጽፈው። በአንድ በኩል የእኛን ሰዓት፣ በሌላው የዚያን አገር ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ ከጎኑም ከየትኛው ምግብ በፊት እንደሆነ አድርጌ እጽፋለሁ። አውሮፕላን ውስጥ ደግሞ ምግቡ ፊቱ ሳይቀርብ መርፌውን እንዳይነካ አስጠነቅቃለሁ፤ አስተናጋጆቹ ጋሪውን ሊያዘገዩ ይችላሉ።

ብልቃጡ በእጅ ሻንጣ ይሁን። ዕቃ መጫኛው ውስጥ በረዶ ሊሆን ይችላል፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ደግሞ ቢቀልጥም አይረባም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት እርጥብ አሸዋ ውስጥ ባለ ሸክላ ማሰሮ የሚያስቀምጡ ደንበኞች አሉኝ፤ ለሆሳዕና አየር ይበቃል። በእኛ ክረምት ወራት ግን የጓንዡ ሙቀት ከ30 ዲግሪ የሚያልፍና ወበቃማ ስለሆነ የሆቴሉ ፍሪጅ ያስፈልጋል፤ ከበረዶ ቤቱ ራቅ ተደርጎ።

ከፍታን የሚፈሩ አሉ። ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ በድሪምላይነር ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ደግሞ በ1,800 ሜትር ገደማ ካለው ጋር ይመሳሰላል። አየሩ ከቤታችን አይሳሳም። በጣም ደረቅ ነው እንጂ፤ ውኃ በየጊዜው መጎንጨት ይገባል።

መቀመጡ ግን ያሳስባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ የእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ዕድሉ ትንሽ ነው፣ ከ6,000 ሰው አንዱ። ጥናቱ አውሮፕላንን ብቻ ሳይሆን አውቶቡስንም ይጨምራል። የእኛ ሰው ጎህ ሲቀድ ከመናኸሪያ ተነስቶ፣ በወራቤና በቡታጅራ በኩል አዲስ አበባ ገብቶ፣ በዚያው ምሽት በጠባቡ ወንበር አሥር ሰዓት ይታጠፋል። ከዱራሜ የሚመጣው ደግሞ መንገዱ የባሰ ይረዝምበታል። አቅም ካለ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አድሮ መነሳት ይሻላል። ካልሆነም በየሰዓቱ ተነስቶ መተላለፊያው ላይ መራመድ፣ እንደተቀመጡም ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ ይጠቅማል። ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላም ቢሆን አንድ ባት ብቻ አብጦ ቢያም በቅባት ማሸት አይገባም፤ በቶሎ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ነገር ከዚህ ሁሉ ይብስብኛል። ጓንዡ የገባ ነጋዴ ሆቴል ቁጭ ብሎ አይውልም፤ የሆቴሉ ሂሳብ ይቆጥራል። አፍሪካውያን ነጋዴዎች የሚበዙበት ሺያኦቤይ ሰፈር፣ ከፎቅ ፎቅ፣ ከሱቅ ሱቅ ሲል ይውላል። ከዚህ ቀደም በእግሩ ያን ያህል ሄዶ አያውቅም፤ መራመድ ደግሞ ራሱ ስኳር ያወርዳል። ምግቡ እንግዳ ስለሆነበት ምሳውን ይዘላል። ስኳር ሲወርድ ያልባል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፤ በዚያ ወበቅ ግን ላቡን "ሙቀቱ ነው" ብሎ ያልፈዋል። አብሮት ያለው ደላላም ሙቀቱ ነው ይለዋል።

ለዚህ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ወይም የስኳር ከረጢት፣ ቦርሳው ውስጥ ቆሎ እንዲይዝ እነግረዋለሁ፤ ቆሎው ለርሃቡ፣ ስኳሩ ለአደጋው። ከተቻለ በዚያ ቀን ገበያ አይውጣ፤ ከወጣም ግማሽ ቀን ይብቃው። ስልኩም ላይ በቻይንኛ "የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፣ ኢንሱሊን እወስዳለሁ፣ ግራ ከተጋባሁ ጣፋጭ መጠጥ ስጡኝ፣ መዋጥ ካቃተኝ አምቡላንስ ጥሩልኝ" የሚል ጽሑፍ እንዲኖረው አደርጋለሁ። ጽሑፉን የሚያስተረጉመው ደላላው ነው፤ ሲያስተረጉም ደግሞ ስለ ሕመሙ ያውቃል፤ እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው።