በተንቀሳቃሽ ሥዕል ማስታወቂያ ውስጥ ድምፅን ስለ ማስተካከል

አንድ ነጋዴ ሸቀጡን የሚያስተዋውቅ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለማሠራት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስበው የሥዕሉ ማማር ነው። ስለ ድምፁ አስቀድሞ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የዕቃውን ዋጋ ለገዢው የሚናገረው ድምፁ ስለ ሆነ፣ ድምፅና ሥዕል ያልተስማሙ እንደ ሆነ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የዘይቱ ሥዕል ገና ሳያልፍ የስኳሩ ዋጋ ቢነገር፣ ደንበኛው በሱቁ ደጃፍ ቆሞ «ዘይቱን በዚህ ዋጋ እንሸጣለን አላላችሁምን?» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ስለዚህ ነጋዴዎቻችን እንዲህ ያለውን ሥራ ከመረከባቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባውን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ለዚህ ሥራ ከታወቁት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አንዱ አዶቢ አኒሜት የሚባለው ነው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1996 ፊውቸርስፕላሽ አኒሜተር በሚል ስም ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ማክሮሚዲያ የተባለው ኩባንያ ገዝቶ ፍላሽ ብሎ ሰየመው፤ በ2005 አዶቢ ማክሮሚዲያን ሲጠቀልል ወደ እርሱ ተላለፈ፤ በ2016 አኒሜት ተባለ። በድረ ገጽ ላይ የፍላሽን ሥራ ያሳይ የነበረው ፍላሽ ፕሌየር በ2020 መጨረሻ ስለ ተቋረጠ፣ ሥራው ዛሬ በቪዲዮ ወይም በኤችቲኤምኤል 5 ይወጣል።

በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ሥዕሎቹ ፍሬም እየተባሉ በጊዜ መስመር ላይ በተራ ይደረደራሉ። የተቀዳውም ድምፅ መጀመሪያ ላይብረሪ ወደሚባለው ማኖሪያ ገብቶ ከዚያ ከመስመሩ ጋር ይያያዛል። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው የሚመርጠው ዋነኛ ነገር ድምፁ ከሥዕሉ ጋር የሚሄድበትን መንገድ ነው። ኢቬንት የተባለው መንገድ ከተመረጠ ድምፁ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ሥዕሉን ሳይጠብቅ እስከ ፍጻሜው ይሄዳል። ስትሪም የተባለው ከተመረጠ ግን ድምፁ መሪ፣ ሥዕሉ ተከታይ ይሆናል፤ ኮምፒዩተሩ ቢደክም እንኳ ሥዕሉ አንዳንድ ፍሬሞችን እየዘለለ ከድምፁ ጋር እኩል ይራመዳል።

ልዩነቱን በቁጥር እንመልከተው። የ20 ሴኮንድ ማስታወቂያ በሴኮንድ 24 ፍሬም ቢሠራ 480 ፍሬም ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ደካማ ሆኖ በሴኮንድ 20 ፍሬም ብቻ ቢያሳይ፣ በኢቬንት የተያያዘው ድምፅ ሲያልቅ ሥዕሉ ገና 400ኛው ፍሬም ላይ ነው፤ የቀሩት 80 ፍሬሞች ለ4 ሴኮንድ ያለ ድምፅ ይታያሉ። ዋጋን ከዕቃው የሚያለያየው ይህ መዘግየት ነው።

ስለዚህ ለንግግርና ለዋጋ ዝርዝር ስትሪም፣ ቁልፍ ሲነካ ለሚሰማ አጭር ድምፅ ኢቬንት ተገቢ ነው። ስትሪም ሌላም ጥቅም አለው፤ ሠራተኛው በጊዜ መስመሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ንግግሩ ስለሚሰማው እያንዳንዱን ሥዕል በቃሉ ላይ ለማሳረፍ ይችላል። ነገር ግን በስትሪም የተያያዘ ድምፅ ከተመደቡለት ፍሬሞች አልፎ አይሄድምና፣ ፍሬሞቹ ካነሱ የመጨረሻው ቃል፣ ምናልባትም የሱቁ አድራሻ፣ ተቆርጦ ይቀራል።

ገለባውን ሳያበጥር እህል የሚመዝን ነጋዴ የለም፤ ድምፅም እንዲሁ ነው። በቀረጻው መነሻና መድረሻ ያለው ዝምታና የጉሮሮ ማጥራት መወገድ አለበት። በፕሮግራሙ የድምፅ ማስተካከያ መስኮት ውስጥ የመነሻና የመድረሻ ምልክቶች ስላሉ እነርሱን በማንቀሳቀስ የሚፈለገው ክፍል ብቻ ይቀራል። በዚያው መስኮት የድምፁን ከፍታ የሚያሳይ መስመር አለ። በላዩ እስከ 8 የሚደርሱ መያዣዎችን በማኖር ሙዚቃው ቀስ ብሎ እንዲነሣ፣ ንግግር ሲጀመር ዝቅ እንዲል፣ በመጨረሻም ቀስ ብሎ እንዲጠፋ ማድረግ ይቻላል። ለዚህም ሙዚቃውና ንግግሩ ለየብቻ መቀመጥ አለባቸው።

እንደ ጄኔሬተር ያለ የማያቋርጥ ጉምጉምታን ማጥፋት ግን የዚህ ፕሮግራም ሥራ አይደለም። ይህ አስቀድሞ ያለ ክፍያ በሚገኘው ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ፕሮግራም ሊጸዳ ይችላል። ተናጋሪው ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ሴኮንድ ዝምታ ቢቀዳ፣ ፕሮግራሙ የጉምጉምታውን ጠባይ ከዚያ ለይቶ ይቀንሰዋል።

አስመጪ የጭነቱን ክብደት እንደሚያስብ ሁሉ የድምፅም ክብደት ይታሰባል። በሴኮንድ 44,100 ጊዜ የተለካ፣ 16 ቢት የሆነ፣ ግራና ቀኝ ያለው የ20 ሴኮንድ ድምፅ 3,528,000 ባይት ይመዝናል። ልኬቱ 22,050፣ መስመሩም አንድ ብቻ ሲሆን 882,000 ባይት፣ ማለት አንድ አራተኛ ይሆናል። በሴኮንድ 64,000 ቢት በሆነ ኤምፒ3 ሲጨመቅም ወደ 160,000 ባይት ይወርዳል። የዚህን ጭነት የኢንተርኔት ዋጋ የሚከፍለው ማስታወቂያውን በስልኩ የሚያየው ደንበኛ መሆኑ አይዘንጋ። ሆኖም መጨመቁ የመጨረሻው ሥራ ይሁን፤ በመጨመቅ የተጣለ ድምፅ አይመለስምና ዋናው ቀረጻ ሳይጨመቅ መቀመጥ አለበት።

እንግዲህ ሥራውን የሚረከብ ነጋዴ ማስታወቂያውን በደካማ ስልክ ጭምር አይቶ፣ በእያንዳንዱ ዋጋ ላይ ትክክለኛው ዕቃ መታየቱን ይመርምር፤ የመጨረሻውን ቃል እስከ ፍጻሜው ያዳምጥ፤ ነገ ዋጋ ቢለወጥ እንዲያገለግለው ዋናውን ቀረጻና የሥራውን ፋይል ይረከብ። ዕቃውን ሳይመረምር ወደ መጋዘን የማያስገባ ነጋዴ፣ በስሙ የሚነገረውንም ማስታወቂያ ሳይመረምር ሊቀበል አይገባውም።