ከሠንጠረዡ ጓሮ

ጠጋ በሉ፤ ይህ ስብሰባ ላይ አይነገርም። «በእገሌ አገር ከፍተኛ ተከፋዩ ዝቅተኛውን ይህን ያህል እጥፍ ይበልጠዋል» የሚል ሠንጠረዥ በየጊዜው ይወጣል። ጋዜጠኛው ይቀባበለዋል፤ ባለሥልጣኑም ከተመቸው ይጠቅሰዋል፣ ካልተመቸው እንዳላየ ያልፈዋል። ከቁጥር ጋር ውለን የምናድር ሰዎች ግን መጀመሪያ የምናየው ደረጃውን ሳይሆን ከግርጌው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ነው። ማን ተቆጠረ? ማንስ ተረሳ?

በጣም የታወቀው ልኬት ኦኢሲዲ የሚባለው የሀብታም አገሮች ድርጅት የሚጠቀምበት ነው። ሠራተኞች በደመወዛቸው ልክ ይሰለፋሉ። ሰልፉ መቶ ሰው ነው ብንል፣ ከታች 90ኛው ሰው የሚያገኘው 10ኛው ለሚያገኘው ይካፈላል። አሜሪካ 5 ገደማ ይወጣላታል፤ ስዊድን ከ2 ብዙም አትርቅም። ልዩነቱ እውነት ነው፤ መንስኤውም የታወቀ ነው። የአሜሪካ ፌዴራላዊ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. (የውጭ አገሮቹን ዓመታት ሁሉ በዚሁ ቁጠሩ) ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ተቸንክሯል። ስዊድን በበኩሏ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ጭራሽ የላትም፤ ነገር ግን ከ1938ቱ የሳልትሾባደን ስምምነት ወዲህ የሠራተኛ ማኅበራትና አሠሪዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይዋዋላሉ። ማኅበራቱም ዝቅተኛ ተከፋዩን ወደ ላይ ለመሳብ ለአሥርት ዓመታት ታግለዋል።

ሹክሹክታው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ልኬቱ 90ኛው ሰው ላይ ስለሚያበቃ ከእሱ በላይ ያሉት ምን እንደሚያገኙ ግድ አይሰጠውም። መቶኛው ሰው የኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቢሆንና ክፍያው በአንድ ሌሊት አሥር እጥፍ ቢያድግ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። አሜሪካኖቹ ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። በ2010 የወጣው የዶድ-ፍራንክ ሕግ የአክሲዮን ኩባንያዎች የዋና ሥራ አስፈጻሚውን ክፍያ በመካከል ካለው ሠራተኛ ክፍያ ጋር አነጻጽረው ለሕዝብ እንዲያሳውቁ አዘዘ። ንጽጽሩ በይፋ መታየት የጀመረው ግን በ2018 ነው። ስምንት ዓመት! ማን እንዳልቸኮለ መገመቱን ለእናንተ ትቻለሁ። ሲወጣም በትልልቆቹ ኩባንያዎች ልዩነቱ በመቶዎች እጥፍ የሚቆጠር፣ አንዳንዱ ዘንድ ሺህ የሚያልፍ ሆኖ ተገኘ። «5 እጥፍ» ያልነው አገር ነው እንግዲህ። ስዊድንም ብትሆን የምትመሰገነው በደመወዟ መቀራረብ ነው እንጂ፣ የውርስ ግብርን በ2004 መጨረሻ፣ የሀብት ግብርን ደግሞ በ2007 ያነሳች አገር ናት። ሀብት ሲለካ ያ መቀራረብ የለም።

ታችኛው ጫፍ ይብሳል። ሠንጠረዡ የሚቆጥረው ሙሉ ጊዜ የሚሠራ ተቀጣሪን ነው፤ ሥራ ያጣ ሰው ቦታ የለውም። ስለዚህ ዝቅተኛ ተከፋዩ ሲባረር ልዩነቱ የተሻሻለ ይመስላል። ቀልድ አይደለም። ኮሮና በገባበት በ2020፣ በአፕሪል ወር ብቻ፣ አሜሪካ ውስጥ 20 ሚሊዮን ያህል ሥራ ሲጠፋ አማካይ የሰዓት ክፍያ ከ4 በመቶ በላይ ዘለለ። ደመወዝ ተጨምሮ እንዳይመስላችሁ፤ አስተናጋጆቹና አጽጂዎቹ ከስሌቱ ስለወጡ ነው። ከሦስት ሠራተኛ አንዱ ገደማ ሥራ አጥ የሆነባትን ደቡብ አፍሪካን በተቀጣሪ ደመወዝ ብቻ የሚለካ ሰው ምን ያህሉን እንደሚያይ እናንተው አስቡት። የዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮችም አሉ። አንድ ሳዑዲያዊ በዜጎች ቅጥር ኮታ እንደ ሙሉ ሠራተኛ እንዲቆጠር ከ2021 ወዲህ 4,000 ሪያል ሊከፈለው ይገባል። እዚያው አገር በሰው ቤት የምታገለግለውን እህታችንን ይህ ወለል አይመለከታትም።

አሁን ወደ ቤታችን። የዓለም ባንክ ሰነድ ላይ ጂኒ በሚባለው የልዩነት ልኬት (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ልዩነቱ ጠባብ ነው) ኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. ጥናት 35፣ አሜሪካ ደግሞ 41 ገደማ ሆነው ጎን ለጎን ይታያሉ። ይህን አይቶ «ከአሜሪካ በእኩልነት እንበልጣለን» ያለ ሰው ሰምቻለሁ። የእኛው የተለካው ቤተሰብ በሚያወጣው ወጪ፣ የእነሱ ደግሞ በገቢ ነው። ባለጠጋ ገቢውን በሙሉ አይበላም፤ ስለዚህ የወጪ ልኬት ልዩነቱን አጥብቦ ያሳያል። በዚያ ላይ ሀብታም ሰፈር የሄደ መረጃ ሰብሳቢ የሚያነጋግረው ብዙ ጊዜ ዘበኛውን ነው፤ በሩ አይከፈትለትም። የትም አገር ቢሆን ጥናት በር ላይ የሚቀረው እንዲህ ነው፤ ለዚህም ነው በሌላው ዓለም ተመራማሪዎች የቤት ለቤቱን መጠይቅ ከግብር መዝገብ ጋር ማመሳከር የጀመሩት።

የመጨረሻዋ ለመንግሥት ሠራተኞች ናት። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በተደረገው የደመወዝ ማስተካከያ ዝቅተኛው ከ1,100 ብር ወደ 4,760፣ ከፍተኛው ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ሄደ። አካፍሏቸው፤ ከ18 እጥፍ በላይ የነበረው ልዩነት ወደ 4 ተኩል ወረደ። በወረቀት ላይ ትልቅ ለውጥ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ የመነሻና የጣሪያ ንጽጽር ስለሆነ ከኦኢሲዲው ጋር አይደረደርም፤ ደርድረው የሚያቀርቡ ግን አይጠፉም። ደግሞም የደመወዝ እርከኑ ውስጥ የሚሰጥ ቤት፣ መኪና፣ ነዳጅ፣ የስልክ ካርድና የውሎ አበል የለም፤ እነዚህ ደግሞ ከላይ እንጂ ከታች ብዙ አይገኙም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. እርከኑ እንደገና ተከልሶ ዝቅተኛው 6,000፣ ከፍተኛው 39,000 ብር ሆነ። 6 እጥፍ ተኩል መሆኑ ነው፤ አበሉ ሳይቆጠር።